ሳትበሳ

«እዚህ ጋ ነው» አለኝ፣ በእርሳስ ነጥብ ጥሎ፣
ከጊታሬ ወገብ ጥቂት ዝቅ ብሎ።
«እዚህ ጋ እበሳለሁ፤ ሶኬቱ ይገባል፤
ሽቦው በሆዷ ውስጥ ዞሮ ይያያዛል።
ሃያ ደቂቃ ነው። ቁጭ በል ከበርጩማው።»
ቴሬሬ ቀዳልኝ፤ በረዶው ነው የተሰማው።

ሉኬ ውስጥ ነው ይኼ፣ ፓራጓይ፣ ቀይ አቧራ መንገድ ዳር፤
ከማዶ ብር ሠሪው ሽቦ ያቀጥናል እንደ ፀጉር ክር።
ዶን ኤሊሂዮ ዘንድሮ ሰባ ዘጠኝ ሞላው፤
ጣውላ በጥፍሩ እየመታ ነበር፣ በጆሮው የሚለየው።
አሁን ቀኙ ዘግቷል፣ ግራውም ጥቂት ነው፤
ሰው ሲያናግረው ዝም ብሎ ከንፈር ነው የሚያነበው።

ይቺን ጊታር ያኔ እሱ ነው የሠራት፣
ለአባቴ። አባቴ አንድ በሬ ሸጦባት።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለ ገመድ ኖራ
ዘንድሮ ሰርግ በዛ፤ አዳራሹ ጫጫታ፣ ሳቅ፣ ቢራ።
የፊተኛው ጠረጴዛ ይሰማል፤ ሁለተኛው ይገምታል፤
ሦስተኛው ጣቴን አይቶ፣ «ተጫወተ» ብሎ ያጨበጭባል።

መሰርሰሪያውን አነሣ። መልሶ አስቀመጠው።
«ሳልበሳት አንድ ጊዜ ተጫወት» አለኝ፤ «አንድ ብቻ ነው።»

መጀመሪያ የሰማሁት ዜማውን አልነበረም።
የጥፍሬን ጭረት ነው። ቀጥሎ ትንፋሼን። ደግሞም
ጣቶቼ አንገቷ ላይ ሲንሸራተቱ
ሲጥ የሚሉትን፣ በር እንደሚከፍት ልጅ በሌሊቱ።
ድምፁ ከዚያ በኋላ ነው የመጣ፣
ከሆዴ ከተጣበቀው እንጨት እንደ ሙቀት የወጣ።
ክፍሉን አልሞላም፤
ክፍሉ ነው ወደ እሱ ጠጋ ያለው።
ብር ሠሪው መዶሻውን አቁሞ ሰማይ ሰማይ አየ፤
ዝናብ መስሎት ይሆን?

ዶን ኤሊሂዮ ጎንበስ አለ። አገጩን
ከጊታሯ ትከሻ አሳረፈ፤ ጨፈነ ዐይኑን።
«ሦስተኛው ክር ወርዷል።»
ወርዷል። በሁለት ደኅና ጆሮ
ያልሰማሁትን፣ ያ ሰው ሰማ በአጥንቱ ተቸግሮ።

ከዚያ በሳት።
ጩኸቱ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ ዱቄቱ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታሽጎ የከረመ የዝግባ ሽታ፣ መውጣቱ።

ቅዳሜ ማታ። ገመዱን ሰካሁ፤ ጧ!
አንዷን ክር ነካሁ፤ ድምፄ ከኋላዬ መጣ።
ዞር ብዬ አየሁ። የማላውቀው ሰው
በእኔ ጣት የሚናገር፤ የራስን ድምፅ ከስልክ
እንደመስማት ያለ፣ ትንሽ የሚያሳፍር ነው።
ጥፍሬ ጠፍቷል። ትንፋሼም። ሲጥታው ታጥቧል።
ግን ምን ልዋሽ? አሥራ ሁለተኛው ጠረጴዛ ሰምቷል።
ወጥ ቤት ያሉት ሰምተዋል። ከአጥር ውጭ፣
ቺፓ የምትሸጠዋ ሴት ቅርጫቷን እንደተሸከመች
በዜማው ልክ እየረገጠች መልስ ትቆጥራለች።

ዶን ኤሊሂዮ ከማጉያው ሥር ወንበር ስቦ
መዳፉን ጥቁሩ ሳጥን ላይ ዘርግቷል፣ ሕፃን እንዳቀፈ አባብሎ።
በእረፍት ሄድኩና ከንፈሬን ወደ ብርሃን አዙሬ
«እንዴት ነው?» አልኩት።

«እንጨቴ አይደለም። እንጨቴን አውቀዋለሁ።»
ቆየ።
«ግን ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ሰው መሃል ተቀምጬ
ከሰው እኩል ስሰማ።»
እጁን አላነሣም።

እኩለ ሌሊት። ገመዱን ነቀልኩ።
አስተናጋጆች ወንበር ይደራርባሉ።
አውራ ጣቴ ሶኬቱን አገኘው፤ ብረቱ ቀዝቅዟል፣
ዙሪያው ያለው እንጨት ግን ገና ሙቅ ነው።
ለማንም ሳይሆን አንድ መስመር ተጫወትኩ፣
አገጬን ከትከሻዋ አሳርፌ።

ሦስተኛው ክር።
ወርዶ ነው ያመሸው፣
ያ ሁሉ ሰው ሲሰማው።